የሠርግ ወይንና የለቅሶ ወይን

ሁለት የጣልያን ወይን በምላሴ ለይቼ አውቃለሁ። አንዱ ከደቡብ አገራቸው የሚመጣ ነው፣ ፕሪሚቲቮ ይሉታል። ሌላው ከሰሜን ነው፣ ባሮሎ ይባላል። ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም ወፍራም፣ ሁለቱም ጉልበተኛ ናቸው። ዲላ ተቀምጣ ዕድሜዋን ጠጅ ስትጥል የኖረች ሴት ይህን ከየት አመጣችው ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ሳቁ፣ ግዴለም። እኔ ግን የተማርኩት ሳቅ ባለበት ቦታ አይደለም። ባሌ ቡና መጋዘን ውስጥ ታስሮ፣ ያሳሰረውን ሰው ወይን እየቀመስኩ ነው የተማርኩት።

ወላጆቼ ከሸዋ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ናቸው። እናቴ ጠጅ ጣይ ነበረች፣ ሙያውን ከእሷ ወረስኩ። ማሩን ጌዴኦዎች ከገጠር ያመጡልኛል፣ ጌሾውን ራሴ እመርጣለሁ፣ ጋኔን ማንም አይነካብኝም። አፏ ክፉ ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ምላሴ ግን ዋሽቶ አያውቅም። ያልደረሰ ጠጅ ደርሷል ብዬ ለሰው ቀድቼ አላውቅም።

በእኛ ወግ ጠጅ የሚቀዳ ሰው ለጌታ ወይም ለእንግዳ ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ እዚያው ፊቱ ይቀምሳል። መርዝ የለበትም፣ ካለበትም መጀመሪያ እኔን ይድፋኝ ማለት ነው። እኔም በተጋባን ሰሞን ለባሌ እንዲሁ ላደርግ መዳፌን ስዘረጋ እጄን ያዘኝ።

«አንቺ፣ እኔ ጌታሽ ነኝ ወይስ ባልሽ?» አለኝ። «የሚስቴን እጅ ካላመንኩ የማንን ላምን ነው? ከአንቺ እጅ መርዝም ይጣፍጠኛል።»

«በስመ አብ! ክፉ አትናገር!» ብዬ ተቆጣሁት። ልቤ ግን ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ለእሱ ቀምሼ አላውቅም። ቀድቼ እሰጠዋለሁ፣ ይጠጣል፣ አለቀ።

ባሌ ነጋዴ ነበር። ጨውና አቡጀዴ በበቅሎ ጭኖ እስከ ይርጋጨፌ ይሄዳል፣ ቡና ጭኖ ይመለሳል። ጣልያን ዲላን ከያዘ በኋላ በሁለተኛው ክረምት ወናጎ ላይ ያዙት። ጨውህን ጫካ ለገቡት ሰዎች አካፍለሃል አሉት። አካፍሎ ነበር ወይ? እንግዲህ ጣልያንም ሄዷል፣ ከእንግዲህ ምን እፈራለሁ? አካፍሏል። ከረጢቱን የሰፋሁት እኔ ራሴ ነኝ።

ያሰሩት ከገበያው በላይ ባለ የቡና መጋዘን ውስጥ ነበር። ቡናው ወጥቶ ሰው ተከቶበታል። ስንቅ በር ላይ ተቀብለው ያስገባሉ፣ ሰውየውን ማየት ግን የለም። በየጊዜው አንድ የጭነት መኪና ይመጣና ከእስረኞቹ ጥቂቱን ጭኖ በይርጋለም መንገድ ይሄዳል። የተጫነ ሰው ተመልሶ አልታየም። የዚያን መኪና ድምፅ ስሰማ የያዝኩትን ጥዬ እሮጣለሁ። በሩ ላይ ቆሜ «የኔ አለ? የኔ አለ?» እላለሁ እንደ እብድ። ካለ ስንቁን ይቀበሉኛል፣ ከሌለ አይቀበሉኝም። ሌላ መልስ አልነበራቸውም።

ማር የምታመጣልኝ ጌዴኦ ወዳጄ አንድ ቀን ጋኑ ሥር ተደፍቼ ሳለቅስ አገኘችኝ።

«አንተ ሴትዮ፣ ለምን ዝም ብሎ ያለቅሳል?» አለችኝ። አማርኛዋ እንዲያ ነበር። «ማር አለ፣ እጅ አለ። ጠጅ ጣል፣ ለትልቁ ጣልያን ውሰድ።»

«ባሌን ያሰረውን ሰው ጠጅ ላጠጣው?» ብዬ ጮህኩባት።

«ታዲያ ማን ይፈታል? እኔ?» አለችኝ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ጠጁን ጣልኩ፣ ሲደርስም ተሸክሜ ኮረብታው ላይ ወዳለው የጣልያኑ ቤት ወጣሁ።

የዲላው አዛዥ ካፒቴን ነበር፤ ቀጭን፣ ፀጉሩ የሳሳ፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ ሰው። ጭራቅ አያለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። ጭራቅ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ በወጉ እጠላው ነበር። አስተርጓሚው ከመረብ ማዶ የመጣ፣ አስካሪ የሚሉት ለጣልያን ያደረ ሽማግሌ ወታደር ነው፣ አንደበቱ ለስላሳ። ብርሌውን ሞልቼ ለካፒቴኑ ከመስጠቴ በፊት እጄ እንደ ልማዱ ተዘረጋ። በመዳፌ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ። ካፒቴኑ ብድግ አለና ምን ማድረጓ ነው ብሎ ጠየቀ። አስተርጓሚው ወጋችንን ነገረው። ለካስ ሰውየውን የመርዝ ፍርሃት እንቅልፍ ነስቶት ኖሯል። ሌላ አገር ያለ ጓደኛው የሆነ ነገር ጠጥቶ ሳይነጋ ሞቷል ይባል ነበር። ዓይኑን መዳፌ ላይ ተክሎ ቆየና በቋንቋው ተናገረ።

«ከነገ ጀምሮ በምሳ ሰዓት እየመጣች የምጠጣውን ሁሉ ትቅመስልኝ ይላል» አለኝ አስተርጓሚው።

መሬት ላይ ተደፋሁ። «ባሌን ይፍታልኝ እንጂ መርዝም ቢሆን እጠጣለታለሁ በለው!»

«ዶማኒ» አለ ካፒቴኑ።

«ነገ ማለቱ ነው፣ እትዬ» አለኝ አስተርጓሚው፣ መሬት መሬት እያየ።

ዶማኒ የምትባል ቀን ዲላ ድረስ እንደማትመጣ ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም። ቢሆንም በየቀኑ ሄድኩ። ባልሄድስ ምን ልሆን ነው? መኪናውን ቁጭ ብዬ ልጠብቅ?

በርሜል ውስጥ ያለው ፕሪሚቲቮ ነበር፣ የየቀኑ መጠጡ፤ ከወታደሩ ስንቅ ጋር በመኪና ይመጣል። ቀለሙ ጥቁር ነው ማለት ይቻላል። መዳፌ ላይ ሲፈስ በመስመሮቹ ይገባና ታጥቤ ታጥቤ አይለቅም። ለቅዳሴ የሚዘፈዘፍ ዘቢብ ይሸታል። አፍ ሲገባ ይጣፍጣል። በደንብ የቀላ የቡና ፍሬ ከዛፉ ቀጥፋችሁ ስትመጥጡት ያለውን ጣፋጭ አስቡ፣ በዚያ ላይ ቁንዶ በርበሬ ነገር ጨምሩበት። ለስላሳ ነው፣ አይጣላችሁም። እሳቱ የሚነሳው ጉሮሮን አልፎ ሆድ ከደረሰ በኋላ ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ነገር አለ አይደል፣ እንደ ውሃ? እሱ ነው።

ባሮሎው በጠርሙስ ነበር፣ ያውም ጥቂት። የካፒቴኑ አባት አገር ወይን ነው። ሰውየው ጠርሙሱን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ነው የሚያመጣው፤ የሚከፍተውም እሑድ እሑድ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሳየው ናቅኩት። ቀለሙ ሳሳ ያለ፣ ዳር ዳሩ ወደ ሸክላ ያደላ ነው፤ ውሃ የገባበት መሰለኝ። ሽታው ግን ግራ አጋባኝ፣ ጽጌረዳና ቅጥራን ባንድ ላይ። ቀመስኩት። እግዚኦ! ምላሴን ጨምድዶ ያዘው። ጥሬ ሙዝ የበላ ሰው አፉ እንዴት ይሆናል? እንደዚያ ሆንኩ። ድዴ ደረቀ፣ ጉንጬ ወደ ውስጥ ተሳበ፣ ምሬቱና ኮምጣጣነቱ ተከታትለው መጡ። ጌሾ የበዛበት ያልደረሰ ጠጅ ነው አልኩ በልቤ። እንዲህ ያለውን ለደንበኛ ባቀርብ እናቴ ከመቃብር ተነስታ ታንቀኝ ነበር።

አንድ እሑድ ካፒቴኑ ጠርሙሱን ግማሽ አድርሶ ተነሳ። እኔ ደግሞ ልቡን የማራራበት ነገር ጨንቆኛል። ያልደረሰ ጠጅ እንዴት ይደረጋል? ሙቀት ይሰጠዋል። ጠርሙሱን ሳልከድን አፉን በስስ ጨርቅ ሸፍኜ ማድ ቤት ምድጃው አጠገብ አሳደርኩት፣ እንዲደርስለት ብዬ። በማግስቱ ጠርሙሱን ሲያይ ፊቱ ነደደ። ያ ድምፁ የማይሰማ ሰው ጮኸ፣ ጠረጴዛውን መታ። አስተርጓሚው መተርጎሙን እንኳ ተወው። አለቀልኝ አልኩ፤ ባሌን በገዛ እጄ ገደልኩት! መዳፌ ላይ አፈሰስኩና ቀመስኩ።

ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። ያ የጨመደደኝ ላልቷል፣ ጽጌረዳው ፊት ወጥቷል፣ ምሬቱ ወደ ኋላ ሄዶ በወጉ ተቀምጧል። ከዋጥኩት በኋላም አፌ ውስጥ ቆየ። ካፒቴኑም ቀመሰ። በአስተርጓሚው በኩል «አባቴም ከዋዜማው ይከፍተው ነበር። እኔ ነኝ ትዕግሥት የሌለኝ» አለኝ። ዓይኑ እንባ ያቀረረ መሰለኝ። እኔ ያለቀስኩት እንባ ግን አልታየውም።

በኋላ ጥቁሩንም እንዲሁ አሳድሬ ሞከርኩት። ማደር አይችልም፣ ሞቶ ያድራል። ልዩነታቸው ይኸው ነው። ጥቁሩ ያለውን ሁሉ በመጀመሪያው ጉንጭ ይሰጣችኋል፣ ነገ የለውም። ቀዩ መጀመሪያ ይሰድባችኋል፤ ከታገሣችሁት ግን የሚበጀውን ይዞ ይመጣል። እኔ የካፒቴኑን ትዕግሥት ማጣት ምን ልሥራው? የእኔ ነበር የሚያልቀው።

«ባሌስ?» አልኩት ያን ቀን።

«ኮሎኔሉ ሲመጣ» አለ። ዶማኒ ስሟን ቀይራ ኮሎኔል ሆነች።

ከተማውም ዝም አላለኝም። ስወጣ ስገባ መዳፌ ቀልቶ ያዩኛል። «የጣልያን ቅምጥ» ይሉኝ ጀመር። ጠጅ ቤቴ ሰው ቀረ። ይበሉ አልኩ፣ ባሌ ሲወጣ አፋቸውን ያዘጋልኛል። ታዲያ አንድ ጠዋት ስንቁን ይዤ መጋዘኑ በር ስደርስ የትናንቱን ምግብ እንዳለ መለሱልኝ። የተቋጠረበት ጨርቅ አልተፈታም።

«ወሰዱት? ወይኔ፣ ወሰዱብኝ?» ብዬ ጮህኩ።

«ኧረ ውስጥ አለ» አለኝ ዘበኛው። «ራሱ ነው የመለሰው።»

ታሞ ነው አልኩ። እህል አልወርድ ብሎት ነው። ሌላ ነገር አላሰብኩም፣ የማስብበት ልብ የት ነበረኝ? በሚቀጥለውም ቀን መለሰ። በሚቀጥለውም። እዚያ ካሉት እስረኞች ጋር ምን እንደሚበላ አላውቅም፣ ብቻ የእኔን አይበላም። ካፒቴኑ እግር ሥር ወድቄ «ባሌ እየሞተብኝ ነው!» አልኩ። እግሩን ቀስ ብሎ ከእጄ አወጣና ኮሎኔሉ ሐሙስ ይገባል አለ።

ሐሙስ ኮሎኔሉ መጣ፣ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ድምፁ ከውጭ የሚሰማ። ስሄድ ሁለቱ በረንዳው ላይ ምሳ በልተው ጨርሰዋል፣ ፊታቸው ሁለት ዓይነት ወይን ተቀድቷል። አስተርጓሚው ደረጃው ላይ ጠብቆ ክንዴን ያዘኝ።

«እትዬ፣ ስሚኝ» አለ በሹክሹክታ። «ኮሎኔሉ የደቡብ ሰው ነው፣ ጥቁሩ የአገሩ ወይን ነው። ቀዩ የካፒቴኑ ነው። የትኛው ይበልጣል ብለው ተከራክረው፣ ቀማሿ ትፍረድ ተባብለዋል። የሚፈቱትን እስረኞች ስም የሚያቀርበው ካፒቴኑ ነው፣ የሚፈርመው ኮሎኔሉ። መኪናው ደግሞ ዛሬ ከሰዓት ይመጣል። ምን ብትዪ እንደሚሻል አላውቅልሽም፣ እህቴ።»

ምን ይዋጠኝ! ጥቁሩ ይበልጣል ብል ካፒቴኑ የባሌን ስም አይጠራም። ቀዩ ይበልጣል ብል ኮሎኔሉ አይፈርምም። ለእነሱ ጨዋታ ነው፣ የምሳ ማወራረጃ። ለእኔ የሰው ነፍስ። ጥቁሩን ቀመስኩ፣ ውሃ ተጉመጥምጬ ቀዩን ቀመስኩ። ምላሴ አብዶልኝ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ እሱ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ሠራ። ዘቢቡን ዘቢብ አለኝ፣ ቅጥራኑን ቅጥራን።

«እኔ ጠጅ ጣይ ነኝ በላቸው» አልኩት አስተርጓሚውን። «በእኛ ቤት መጠጥ የትኛው ይበልጣል አይባልም፣ ለምን ቀን ነው ይባላል። ይህ ጥቁሩ የሠርግ ነው። እንግዳው ገና ሲቀምሰው ይሞቀዋል፣ ይዘፍናል፣ ነገን አያስብም። ይህ ቀዩ ደግሞ የለቅሶ ነው። ሲገባ ይመርራል፣ ሰው አያናግርም። ከሐዘንተኛው ጋር ግን ይቀመጣል፣ ሌላው ሁሉ ተነስቶ ሲሄድ እሱ አይሄድም።»

ተረጎመው። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ፣ ግን ምርር ብሎኝ ነበር።

«ለዛሬ የትኛው ይሻላል ካላችሁኝ፣ እኔ ቤት ለቅሶ ነው! ባሌ እዚያ መጋዘን ውስጥ ነው። የሠርጉን ወይን እንዳመሰግንላችሁ ከፈለጋችሁ ባሌን ፍቱልኝ፣ ቆሜ እጠጣላችኋለሁ!»

አስተርጓሚው አንዲት ቃል አላጎደለም። ኮሎኔሉ ከት ብሎ ሳቀ። ሆዱን ይዞ ሳቀ። ካፒቴኑም ፈገግ ብሎ የባሌን ስም ጠራ። ወረቀት ወጣ፣ ኮሎኔሉ ብዕሩን ያዘ።

«አምጡት ብሏል» አለኝ አስተርጓሚው። «አንቺም ቃልሽን ትጠብቂያለሽ። በመዳፍ ሳይሆን በብርጭቆ፣ ሞልተሽ፣ ባልሽ ፊት ነው የምትጠጪው። ካልሆነ አልፈርምም ይላል።»

ኮሎኔሉ ራሱ ጥቁሩን እስከ አፉ ቀዳልኝ። ብርጭቆውን ይዤ ቆምኩ። ባሌን በሁለት ወታደር መሀል አመጡት።

መጀመሪያ አላወቅሁትም። ጢሙ ደረቱ ደርሷል፣ ጉንጩ የለም፣ ልብሱ የቡና ገለባ ይዞ ደርቋል። ደረጃው ሥር አቆሙት። ቀና ብሎ ብርጭቆውን አየ፣ ከዚያ እጄን አየ። ፊቴን አላየም። በማርያም፣ አንዴ ፊቴን ቢያየኝ ሁሉ ነገር ይገባው ነበር! ብርጭቆውን ልወረውረው ቃጣኝ። ኮሎኔሉ ግን ብዕሩን ይዞ ይጠብቀኛል። ጠጣሁት። ጣፋጩ በአፌ ሞላ፣ እሳቱ ሆዴ ገባ። ሲያልቅ ኮሎኔሉ የራሱን ብርጭቆ ከእኔ ጋር አጋጨና አንድ ነገር አለ።

«ሠርግ ከሆነ እልልታው የት አለ? ይላል» አለኝ አስተርጓሚው። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር የተረጎመው።

እልል አልኩ። ባሌ ቆሞ እያየኝ፣ አፌ በወይን ቀልቶ፣ እልል አልኩ። ኮሎኔሉ ፈረመ።

ወደ ቤት ስንወርድ እሱ ፊት ፊት ሄደ፣ እኔ ከኋላ። ልደግፈው ስጠጋ እርምጃውን ጨመረ፣ በዚያ ጉልበቱ። ደክሞት ነው አልኩ፣ ሰው ስላየን አፍሮ ነው አልኩ። ማር የምታመጣልኝ ወዳጄ በራችን ላይ ቆማ ታለቅሳለች። «ሰውዬ መጣች! ሰውዬ መጣች!» እያለች እጁን ሳመችው። ለእሷ እግዜር ይስጥሽ አላት። ለእኔ ገና አንድ ቃል አልተናገረኝም።

እግሩን አጠብኩት። ከዚያ ጓዳ ገባሁ። አንድ ጋን ነበረኝ፣ በታሰረ ሰሞን የጣልኩት፣ እሱ ሳይመጣ አይከፈትም ብዬ የማልኩበት። ረሃብ ገብቶ እንኳ አልሸጥኩትም። ከፈትኩት፤ ጠርቶ፣ ወርቅ መስሎ ደርሷል። ብርሌውን ሞልቼ በሁለት እጄ አቀረብኩለት።

አልተቀበለኝም።

«ቅመሺ» አለኝ።

«ምን አልከኝ?»

«ለእነሱ ስትቀምሺ ከርመሽ የለም እንዴ? ለእኔም ቅመሺ።»

ልጮህ ፈለግሁ። ስለማን ብዬ ነው፣ አንተ ሰው! ስለማን ብዬ ነው መዳፌ የቀላው! ያ ክፉ የሚሉት አፌ፣ ለኮሎኔል ያልተመለሰው አፌ፣ ያን ጊዜ ተዘጋ። መዳፌን ዘረጋሁ። የጥቁሩ ወይን ቀለም ገና በመስመሮቹ ውስጥ ነበር። በዚያ ላይ የገዛ ጠጄን ጠብ አደረግኩ።

ፕሪሚቲቮውን ዛሬም ብትጠይቁኝ ከነዘቢቡ እነግራችኋለሁ። ባሮሎውንም ከነቅጥራኑ። ያን በመዳፌ የቀመስኩትን ጠጅ ጣዕም ግን አላውቀውም፤ ምላሴ ምንም አልነገረኝም።

ባሌ ጉሮሮዬን እያየ እስክውጥ ጠበቀ። ከዚያ ጠጣ።